የዐቢይ ቀመር ዕለታት፦ የ194,313 አካፋዮችና ሥራቸው

በየዓመቱ በዘመን መለወጫ፣ በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በአዲስ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ የዓመቱ ወንጌላዊ፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ አጽዋማትና በዓላት ለምእመናን ይታወጃሉ። ከዚህ ዐዋጅ በስተኋላ ግን በስም የማይጠራ አንድ ሙሉ ቁጥር አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት የ532 ዓመት ዑደት በዕለት ሲቈጠር 194,313 ዕለታት ይሆናል። ዑደቱ በዓመት ሲነገር እንግዳ አይደለም፤ የአብነት ተማሪ ሁሉ 19 በ28 ሲባዛ 532 መሆኑን ያውቃል። በዕለት ሲቈጠር ግን ብዙም አይመረመርም። ይህ ጽሑፍ የዕለቱን ቁጥር ወደ አካፋዮቹ ይበትናል፤ ከባሕርያቱ መካከል የትኞቹ ሥራ እንዳላቸው፣ የትኞቹ ደግሞ የአጋጣሚ ጌጥ ብቻ እንደ ሆኑ ይለያል። ከዚያም ቁጥሩን በዚያው በምዕራብ ሸዋ ከሚታወቁ ሁለት ሌሎች ቈጠራዎች፣ ከገዳ ዘመንና በመሥሪያ ቤት ከሚሠራበት የጎርጎርዮስ ቀን መቁጠሪያ፣ ጋር ያገናኘዋል።

ቁጥሩ እንዴት ተገኘ

የኢትዮጵያ ዓመት 365 ዕለት ነው፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 366 ይሆናል። ስለዚህ አራት ዓመት ሳይጐድል ሳይተርፍ 1,461 ዕለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ጡብ ነው።

ሁለተኛው ጡብ ሳምንት ነው። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል፤ በመሆኑም ከአራት ዓመት በኋላ ያው ቀን በአምስት ዕለት ተገፍቶ ይውላል። 5 እና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ግፊቱ ወደ ዜሮ የሚመለሰው አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ሲደገም ብቻ ነው። ይህ ዓውደ ፀሐይ የተባለው የ28 ዓመት ዑደት ነው፤ 10,227 ዕለታት አሉት።

ሦስተኛው ጡብ ጨረቃ ናት። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ይህም ዓውደ አበቅቴ ወይም ንዑስ ቀመር ይባላል። ዳሩ ግን 19 ዓመት በዕለት ሲቈጠር 6,939 ከሦስት አራተኛ ነው፤ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ሙሉ እንዲሆን በ4 መባዛት አለበት፤ ውጤቱም የ76 ዓመት ዓውደ ማኅተም፣ 27,759 ዕለት ነው። በዚህ ዑደት ጨረቃና ዘመነ ሉቃስ ተስማምተው ይመለሳሉ። ሳምንቱ ግን አይመለስም፤ 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራልና።

ለዚህ ከአምቦ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው በ1939 ዓ.ም. ነው። 76 ዓመት ሲጨመርበት 2015 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለቱም ዘመነ ሉቃስ ናቸው። ሁለቱን ወደ ዓመተ ዓለም ለመለወጥ 5,500 ሲጨመር 7,439 እና 7,515 ይገኛል፤ ሁለቱም ለ19 ሲካፈሉ 10 ይቀራል፤ ስለዚህ የሁለቱም ወንበር 9፣ አበቅቴያቸው 9፣ መጥቅዓቸው 21 ነው። ጨረቃ በቀመሩ መሠረት በአንድ ስፍራ ናት። የመስከረም 1 ዕለት ግን በ1939 ረቡዕ፣ በ2015 እሑድ ነበር፤ በትክክል የአራት ዕለት ግፊት። በዚህም ምክንያት በዓለ መጥቅዕ፣ መስከረም 21፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ዋለ። የማክሰኞ ተውሳክ 5፣ የቅዳሜ 8 ነው፤ መባጃ ሐመሩም 26 እና 29 ሆነ፤ ጾመ ነነዌ በጥር 26 እና በጥር 29 ገባ። ፋሲካ ከነነዌ 69 ዕለት በኋላ ስለሚውል፣ በ1939 ሚያዝያ 5፣ በ2015 ሚያዝያ 8 ሆነ። ጨረቃዋ አንድ ሆና በዓሉ በሦስት ቀን ተለያየ። ልዩነቱ ሁሉ የመጣው 27,759 ለ7 ስለማይካፈል ነው።

እንግዲህ ይህን ለመዝጋት 27,759 በ7 ይባዛል፦ 194,313። ከዚያ በኋላ ዘመነ ሉቃስም፣ ሳምንትም፣ የቀመሩ ጨረቃም በአንድነት ይመለሳሉ። በባሕረ ሐሳቡ ስሌት ውስጥም ይኸው ይታያል። የመስከረም 1ን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙ ላይ የራሱ ሩብ (ቀሪው ተትቶ) ይደመራል፤ ድምሩም ለ7 ይካፈላል። 532 ዓመት ሲጨመር ድምሩ በ532 እና በ133፣ ማለትም በ665 ያድጋል፤ 665 ደግሞ 7 ጊዜ 95 ነው፤ ቀሪው አይነካም። 76 ዓመት ሲጨመር ግን ድምሩ የሚያድገው በ95 ነው፤ ይህም 13 ሳምንት ከ4 ዕለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚህን ስሌት ምንጭ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ የ532 ዓመቱን ዑደት ሥራ ላይ ያዋለው በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የእስክንድርያ መነኩሴ አንያኖስ ነው ይላሉ፤ በምዕራቡም ቪክቶርዮስ ዘአኪታንያ በ457 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ዑደት የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ስሌት የእስክንድርያን ጥንታዊ ዘዴ ጠብቆ ማቆየቱን አሳይቷል፤ በአማርኛ ደግሞ የጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» ዋና መጽሐፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ታሪኩ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

አራቱ ብቸኛ አካፋዮች

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ነው። 194,313 የአራት ልዩ ልዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፦ 3 × 7 × 19 × 487። አንዱም ሁለት ጊዜ አልተደገመም። ስለዚህ አካፋዮቹ ሁሉ ዐሥራ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የቀን መቁጠሪያ ስም ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ 7 ሳምንት፣ 1,461 የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን፣ 10,227 ዓውደ ፀሐይ፣ 27,759 ዓውደ ማኅተም፣ ራሱ 194,313 ዐቢይ ቀመር።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። 7 ከሳምንት የመጣ ነው፤ ሳምንት ደግሞ የሰው ሥርዓት እንጂ የሰማይ እንቅስቃሴ አይደለም። 19 ከጨረቃ የመጣ ነው። 3 እና 487 ግን ብቻቸውን ምንም አይሠሩም፤ ሥራ ያላቸው ተባዝተው 1,461 ሲሆኑ ብቻ ነው። በ487 ዕለት አንዳች ነገር የሚመለስ የለም። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ለተመራማሪ ትምህርት አለው፤ አንድን ቁጥር እስከ መጨረሻው መበተን የሒሳብ መብት ነው፤ እያንዳንዱ ስባሪ ትርጉም አለው ብሎ መገመት ግን ሌላ ነገር ነው። 1,461 የተገኘው አራት ጊዜ 365 ሲደመር 1 በመሆኑ ብቻ ነው፤ ለ3 መካፈሉንም ማንም አላሰበበትም።

የ19 እና የ28 ትዳር ግን ሊታሰብበት ይገባል። ሁለቱ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ሙሉ ብዜታቸው ነው። የቀድሞ ግሪኮች እንዳደረጉት ለጨረቃ የ8 ዓመት ዑደት ቢመረጥ ኖሮ፣ 8 እና 28 በ4 ስለሚጋሩ፣ ሁሉም ነገር በ56 ዓመት ይዘጋ ነበር። ሠንጠረዡ ወደ ዐሥረኛ እጅ ገደማ ባጠረ። ሆኖም 8 ዓመት ከ99 የጨረቃ ወር በአንድ ዕለት ተኩል ያንሳል፤ በ56 ዓመት ስሕተቱ ከዐሥር ዕለት በላይ ይደርስ ነበር። የ532 ርዝመት እንግዲህ ለትክክለኛነት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ነው። የግእዝ አኃዝ ለስሌት አይመችም የሚል አስተያየት ተደጋግሞ ይሰማል፤ ለማባዛት ሥራ እውነትነት አለው። ለመካፈል ፍተሻ ግን ጽሕፈቱ ያልተጠበቀ ምቾት አለው፤ ቁጥሩን በመቶ መሠረት፣ 19 እና 43 እና 13 አድርጎ ከፋፍሎ ያቀርበዋልና። 100 ለ7 ሲካፈል 2፣ 10,000 ደግሞ 4 ስለሚቀር፣ 19ን በ4፣ 43ን በ2 አባዝቶ 13 መደመር በቂ ነው፤ 76 እና 86 እና 13 ድምራቸው 175፣ ይህም 7 ጊዜ 25 ነው። ለ19 ደግሞ ቀሪዎቹ 5 እና 6 ናቸው፤ 114 ሲደመር 215 ሲደመር 13 ይሆናል 342፣ ማለትም 19 ጊዜ 18። ለ487 ቀሪዎቹ 100 እና 260 ናቸው፤ 4,940 ሲደመር 4,300 ሲደመር 13 ይሆናል 9,253፣ እርሱም 19 ጊዜ 487። በአረብ አኃዝ አንድ በአንድ ከመሄድ ይህ ያጥራል።

ሥራ የሌላቸው ባሕርያት

ከዚህ በታች ያሉት ባሕርያት እውነት ናቸው፤ ሊረጋገጡም ይችላሉ፤ ነገር ግን ባሕረ ሐሳብ አንዳቸውንም አይፈልግም።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ከአራቱ ብቸኛ አካፋዮች ከእያንዳንዳቸው 1 ሲቀነስ 2፣ 6፣ 18 እና 486 ይቀራል። እነዚህም በተራ 2 × 1፣ 2 × 3፣ 2 × 9 እና 2 × 243 ናቸው፤ ማለትም ሁሉም የ3 ርቢ እጥፍ ናቸው። ብቸኛ የሆኑና በዚህ መልክ የሚጻፉ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 3፣ 7፣ 19፣ 163፣ 487 ብለው ይቀጥላሉ፤ ዐቢይ ቀመር ከመጀመሪያዎቹ አምስት አራቱን ይዟል፤ 163 ብቻ ቀርቶበታል። ይህ ቤተሰብ በ1895 (እ.ኤ.አ.) ባጠናው በአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ በጄምስ ፒርፖንት ስም ከሚጠሩት ቁጥሮች ወገን ነው። አንድሩ ግሊሰን በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ እንደሚታየው፣ ከማስመሪያና ከኮምፓስ ሌላ ማዕዘንን ለሦስት የሚከፍል መሣሪያ ቢፈቀድ፣ የጐኖቹ ብዛት ከእነዚህ ልዩ ልዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የተገኘ እኩል ጐን ምስል ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ 194,313 ጐን ያለው ምስል በመርህ ደረጃ ሊሣል የሚችል ነው። ማንም አይሥለውም፤ በዐይንም ከክብ አይለይም።

ከዚሁ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 2 × 6 × 18 × 486 ናቸው፤ ይህም 104,976፣ በትክክል የ18 አራተኛ ርቢ ነው። ከእነዚህም ማናቸውም ቁጥር 486 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለ194,313 ቢካፈል 1 ይቀራል።

ሁለተኛው ባሕርይ የበለጠ ያስገርማል። 1 ለ487 ተካፍሎ በአስርዮሽ ሲጻፍ፣ አኃዞቹ የሚደጋገሙት ከ486 ቦታ በኋላ ነው፤ ለብቸኛ ቁጥር የሚቻለው ከፍተኛ ርዝመት ይህ ነው። በተለመደው ሕግ የ487 ካሬ፣ ማለትም 237,169፣ ድግግሞሹ በ487 እጥፍ መርዘም ነበረበት። አልረዘመም፤ እዚያው 486 ላይ ቆመ። ዴማሬ የተባለ ፈረንሳዊ ይህን በ1852 (እ.ኤ.አ.) አስታውቋል። በዐሥር መሠረት እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸው እስካሁን የታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 487 እና 56,598,313። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተባዝተው 1,461 ይሰጣሉ። የአራት ዓመት ዕለታት ቁጥር ከዚህ ብርቅ ጥንድ መገኘቱን የሚያይ ሰው ምሥጢር ፍለጋ ቢገባ አይፈረድበትም። ነገር ግን ባሕርዩ የቆመው በዐሥር መሠረት በመጻፋችን ላይ ነው፤ መሠረቱ ሲለወጥ ይጠፋል። ፀሐይ በስንት ጣት እንደምንቈጥር አታውቅም። በቁጥር ላይ የሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የአጻጻፍን ባሕርይ ለተጻፈው ነገር ይሰጡታል።

ከገዳ ቈጠራ ጋር

በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማእከል ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ያሸጋግራል፤ አምስት ምድቦች በተራ ሲያልፉ 40 ዓመት ይሞላል፤ በመርሁም ልጅ አባቱ በነበረበት ደረጃ የሚገኘው ከአባቱ 40 ዓመት በኋላ ነው። የርክክቡን ቀን የሚቈርጡት አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ግን አንድ የታወቀ ቀን ቢያዝ ምን ይሆናል የሚል ነው።

8 ዓመት 2,922 ዕለት ነው፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። አንድ ርክክብ ሰኞ ቢውል ቀጣዩ በያው ቀን ሐሙስ ይውላል፤ ሰባት ርክክብ ሲፈጸም፣ ማለትም በ56 ዓመት፣ ሰኞ ይመለሳል። 40 ዓመት ደግሞ 14,610 ዕለት ነው፤ ይህም 2,087 ሳምንት ከአንድ ዕለት። ስለዚህ የአባት ቀን ሰኞ ከሆነ የልጅ ማክሰኞ፣ የልጅ ልጅ ረቡዕ ይሆናል፤ ወደ ሰኞ የሚመለሰው በሰባተኛው ትውልድ፣ ከ280 ዓመት በኋላ ነው። ዘመድን እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥር ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል ተገቢ ነው፤ ሰባቱ ግን የመጣው ከሳምንት እንጂ ከዝምድና አይደለም።

የገዳና የዐቢይ ቀመር ግንኙነት በዕለት ቁጥሩ ላይ ይበልጥ ይጠራል። 40 ዓመት ዐሥር ጊዜ 1,461 ነው፤ ዐቢይ ቀመር 133 ጊዜ 1,461 ነው። 10 እና 133 የጋራ አካፋይ የላቸውም። በመሆኑም ሁለቱ አብረው የሚጀምሩበት ጊዜ 1,943,130 ዕለት፣ ራሱ ቁጥሩ ዜሮ ተጨምሮበት ማለት ነው፤ 5,320 ዓመት፣ 133 ሙሉ የገዳ ዑደት። የስምንቱ ዓመት ቈጠራ ብቻ ቢወሰድ ግን 2 እና 133 ስለሆኑ በ1,064 ዓመት ይገናኛሉ። ሁለቱ ቈጠራዎች በዘመነ ሉቃስ ላይ ይስማማሉ፤ በ7 እና በ19 ላይ ግን ምንም ስምምነት የላቸውም። ገዳ ለሰው ትውልድ የተቈረጠ ልክ ነው፤ ዐቢይ ቀመር ማንም ሰው አይቶት የማይጨርሰው።

ቁጥሩ የሚስተው የት ነው

የአሁኑ ዐቢይ ቀመር ዐሥራ አምስተኛው ነው። 14 ጊዜ 532 የሚሆነው 7,448 ነው፤ እርሱም 1948 ዓ.ም. ነው፤ አዲሱ ዑደት በ1949 ጀመረ። 2018 ዓ.ም. ሰባኛው ዓመት ነው። ዓመተ ዓለሙ 7,518፣ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፣ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፤ መስከረም 1 ሐሙስ ስለዋለ መስከረም 18 እሑድ፣ ተውሳኩ 7፣ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከ194,313 ዕለት በፊት፣ በአፄ እስክንድር ዘመን በ1486 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዚያው ሚያዝያ 4፣ በዚያው አሠራር ውሏል። ቀመሩ በሁለቱ ዓመታት መካከል ልዩነት አያይም።

ሰማይ ግን ልዩነት ያያል። ቀመሩ 532 ዓመትን 6,580 የጨረቃ ወር አድርጎ ይቈጥራል፤ 194,313 ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ወር 29.530851 ዕለት ይደርሳል። የጨረቃ አማካይ ወር 29.530589 ነው። ልዩነቱ በአንድ ወር ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነው፤ በእጅ ስሌት ለተሠራ ነገር ይህ አስደናቂ ነው። በ6,580 ወር ሲጠራቀም ግን 1.72 ዕለት ይሆናል። የፀሐይ ዓመትም 365.2422 ዕለት ስለሆነ ዑደቱ ከወቅቶች በ4.15 ዕለት ይረዝማል። በቅርብ ሙሉ ቁጥር ሲነገር ጨረቃ 194,311ን፣ ፀሐይ 194,309ን ይጠይቃሉ። ሁለቱም ለ7 አይካፈሉም፤ ቀሪያቸው 5 እና 3 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትንሽ አርሞ ሦስቱንም ማስታረቅ አይቻልም፤ ጨረቃን ወይም ፀሐይን ያስደሰተ ሁሉ ሳምንትን ያፈርሳል። የ194,313 ፍጹምነት የሒሳብ ነው፤ ለ7፣ ለ19 እና ለ1,461 ያለ ቀሪ መካፈሉ። ከሰማይ ጋር ያለው ስምምነት ደግሞ ግምት ነው፤ መልካም ግምት።

በኮምፒውተር ላይ

ይህ ጉዳይ ዛሬ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ተጨባጭ መልክ አለው። የልደት መዝገብ፣ የሕክምና ካርድና የተማሪ ማስረጃ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል፤ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ በጎርጎርዮስ ይመዘግባል። መለወጫው ትክክል መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል?

ባሕረ ሐሳብ ብቻ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው። ደንቦቹ ሁሉ ለ4፣ ለ7 እና ለ19 በመካፈል በሚቀረው ላይ ብቻ ስለሚቆሙ፣ ተከታታይ 532 ዓመት የተፈተሸ ፕሮግራም ለማንኛውም ዓመት ተፈትሿል። ይህ ናሙና ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ተራ ኮምፒውተር በሰከንድ ክፍልፋይ ይጨርሰዋል።

የጎርጎርዮስ ቀን መቁጠሪያ ሲጨመር መልኩ ይለወጣል። የእርሱ ዑደት 400 ዓመት፣ 146,097 ዕለት ነው፤ ሲበተን የ3 ሦስተኛ ርቢ ጊዜ 7 ጊዜ 773 ይሆናል። ከ194,313 ጋር ያለው ትልቁ የጋራ አካፋይ 3 ጊዜ 7፣ ማለትም 21 ብቻ ነው። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 1,351,835,541 ዕለት ይሆናል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 3,701,124 ዓመት፣ በጎርጎርዮስ 3,701,200 ዓመት ነው። (በሁለቱ መካከል ያለው የ76 ዓመት ልዩነት የዓውደ ማኅተም ልክ መሆኑ ለአንባቢ ደስታ ይተዋል።) ከአንዱ አቆጣጠር በቀጥታ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ፕሮግራም ጽፎ ሙሉ ዑደቱን ለመፈተሽ የሚነሣ ሰው ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይጠብቀዋል።

መፍትሔው ቁጥሩን ወደ አካፋዮቹ እንደ መበተን ነው፤ ሥራውን መክፈል። አንደኛው ክፍል የኢትዮጵያን ቀን ወደ ተከታታይ የዕለት ቁጥር ይለውጣል፤ ሁለተኛው ከዕለት ቁጥር ወደ ጎርጎርዮስ ይሻገራል። የመጀመሪያው በ532 ዓመት፣ ሁለተኛው በ400 ዓመት ይፈተሻል። 932 ዓመት የሚሊዮኖቹን ዓመታት ሥራ ይሠራል።

ይህን ያልተከተሉ ፕሮግራሞች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ መስከረም 11፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ደግሞ 12 (እ.ኤ.አ.) ነው ብለው ይጽፋሉ። ይህ የሚያገለግለው ከ1900 እስከ 2100 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ላለው ጊዜ ብቻ ነው። በጎርጎርዮስ ሕግ 2100 የካቲት 29 የለውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን አራተኛው ዓመት አይዘለልም። ስለዚህ የ2093 ዓ.ም. መስከረም 1 የሚውለው መስከረም 12 ቀን 2100 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የዚያ ዓመት ገናም፣ ታኅሣሥ 29፣ ጥር 8 ቀን 2101 ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. በአምቦ የተወለደ ሕፃን በዚያ ጊዜ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ነው፤ የልደት መዝገቡም በአንድ ቀን የሚስት ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።